ጥምዘዛ ምን ያህል ጠልቆ ያያል? ግትርነታቸው ከጥልቀት ጋር የሚለዋወጥ አካላትና የአማካይ ቁጥር አደጋ

አንድ ክብ የብረት ሰሌዳ መሬት ላይ አጥብቀን እናጣብቅና በመሐሉ በሚያልፍ ቀጥ ያለ ዘንግ ዙሪያ እንጠምዝዘው። መሬቱ ምን ያህል ይቋቋመናል? መልሱ በምህንድስና መጻሕፍት ውስጥ በአንዲት መስመር ሰፍሮ ይገኛል፤ መስመሯ የምትሠራው ግን ከሰሌዳው በታች ያለው ነገር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አካል በተፈጥሮ ብርቅ ነው። አሸዋ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ፀሐይ ያደረቀው ሸክላ አፈር በተቃራኒው ከላይ ጠንካራ ቅርፊት ያበጅና ከሥሩ ይለሰልሳል። የመገጣጠሚያችን ልም አጥንት በገጹ አካባቢ ለስላሳ፣ ወደ አጥንቱ ሲጠጋ ጠጣር ነው። የቀርከሃ ግንድም ጠንካራ ቃጫዎቹን አብዝቶ ያከማቸው በውጭኛው ግድግዳው በኩል ነው።

ሰው ሠራሽ የሆኑትም እየበዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ ለጠፈር አውሮፕላን የሚሆን ሙቀት ተከላካይ ግድግዳ ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ሴራሚክን ከብረት ጋር በድንገት ከማጋጠም ይልቅ አንዱን በሌላው ውስጥ ቀስ በቀስ እያደባለቁ መሥራት ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የፈለጉት ግድግዳ በ10 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ውስጥ የ1000 ኬልቪን የሙቀት ልዩነት እንዲችል ነበር። ዛሬ ቁስን በንብርብር እየደረቡ የሚሠሩ የ3ዲ ማተሚያዎች ይህን ሐሳብ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ወደ ፋብሪካ እያቀረቡት ነው። ግትርነቱ በየጥልቀቱ የሚለያይ አካል ከእንግዲህ የሒሳብ ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ስሌት ላይ ስንቀመጥ ነው። የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ የስሌት ፕሮግራሙም አንድ ቁጥር ሙሉልኝ ይላል። ስለዚህ ጥልቀቱን ሁሉ በአንድ አማካይ ግትርነት ጠቅልለን እናልፋለን። እኔ የምለው እንዲህ ያለው አማካይ በአካሉ ውስጥ የለም ነው። አማካዩን የሚወስነው ጭነቱ ነው። ወደ ታች ስንጫን አንድ አማካይ፣ ወደ ጎን ስንገፋ ሌላ፣ ስንጠመዝዝ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ አማካይ እናገኛለን። የጥምዘዛው አማካይ በልምድ ከምንገምተው እጅግ ወደ ገጹ የተጠጋ ነው፤ ይህን ዘንግቶ የሚሠራ ስሌት የሚሳሳተው በጥቂት በመቶ ሳይሆን በእጥፍ ነው።

ለምን ጥምዘዛ?

ጥምዘዛ ንጹሕ ሺር ነው። አንዱ የአካሉ ሽፋን በሌላው ላይ ሊንሸራተት ይሞክራል እንጂ የሚጨመቅም የሚሰፋም የለም፤ መጠነ ይዘቱ እንዳለ ይቆያል። በዚህ ምክንያት በሌሎች ጭነቶች ሁሉ ጣልቃ የሚገባው የፖይሰን ሬሾ፣ ማለትም አካል በአንድ አቅጣጫ ሲጨመቅ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚነግረው ቁጥር፣ በጥምዘዛ ቀመር ውስጥ ቦታ የለውም። ጥቅሙ በተግባርም ይታያል። ውኃ የጠገበ ሸክላ ላይ ሸክም ስንጭን ውኃው ጫናውን ይሸከምና ቀስ በቀስ እየወጣ አፈሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይሰምጣል። የምንለካው የአፈሩን ግትርነት ይሁን የውኃውን አወጣጥ ለመለየት ያስቸግራል። በኢላስቲክ ወሰን ውስጥ፣ ማለትም ስንለቀው ወደነበረበት በሚመለስበት ልክ፣ ስንጠመዝዝ ግን ውኃውን የሚጨምቀው ነገር ስለሌለ ይህ ጣጣ አይነሳም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ የሆነውን ልም አጥንት የሚያጠኑ ሰዎችም ናሙናን መጠምዘዝ የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ያልታወቀ ነገር ብቻ ይቀራል፦ የሺር ሞዱለስ፣ ማለትም አካሉ ለመንሸራተት ያለው ግትርነት፣ በየጥልቀቱ ስንት ነው?

ሻርል ኦጉስታን ኩሎም ስለ ቀጫጭን ሽቦዎች ጥምዘዛ ጥናቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው፤ በዚያ ዕውቀት ላይ በተሠራው የጥምዘዛ ሚዛን ነው በዓመቱ የኤሌክትሪክ ኃይልን ሕግ ያወጣው። ክብ ያልሆኑ ዘንጎችን ጥምዘዛ ሳን ቬናን በ1855 ፈታው። ከጠፍጣፋ ገጽ ጀምሮ ወደ ታችም ወደ ጎንም ማለቂያ የሌለውን አካል በሰሌዳ የመጠምዘዙ ጥያቄ ግን እስከ 1944 ቆየ፤ ዛሬም የሚጠራው በዚያ ዓመት ባሳተሙት በኤሪክ ራይስነርና በሳጎቺ ስም ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ኢያን ስኔደን ያንኑ መልስ በሌላ፣ ለቀጣዮቹ ተመራማሪዎች ይበልጥ በተመቸ የሒሳብ መንገድ አገኘው።

መልሱ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው። ሰሌዳውን ለማዞር የሚያስፈልገው ቶርክ (የመጠምዘዣው ኃይል መጠን) 16 ለ3 ተካፍሎ፣ በሺር ሞዱለሱ፣ በሰሌዳው ራዲየስ ሦስተኛ ርቢና በዞረበት ማዕዘን ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ማዕዘኑ የሚለካው በራዲያን ነው። ራዲየሱን እጥፍ ብናደርገው ተቃውሞው 8 እጥፍ ይሆናል። ይህች 8 ቁጥር ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ተቃውሞው የት ነው ያለው?

ከዚያች አጭር ቀመር ጀርባ ያለው ሥዕል ከቀመሩ ይልቅ ያስተምራል። ከሰሌዳው መሐል ቀጥታ ወደ ታች ብንወርድ፣ የራዲየሱን ግማሽ ያህል ጥልቀት ላይ አካሉ የዞረው ሰሌዳው ከዞረበት 45 በመቶውን ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ራዲየስ ጥልቀት ላይ 18 በመቶ ይቀራል፤ ሁለት ራዲየስ ላይ 4 በመቶ ገደማ። ወደ ታች የሚጫን ሸክም የሚያስከትለው መስመጥ እየራቅን ስንሄድ የሚቀንሰው ከርቀቱ ጋር በተመጣጠነ ልክ ነው፤ ጥምዘዛ የሚያስከትለው መዞር ግን የሚቀንሰው ከርቀቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው። ሸክም ጠልቆ ይሰማል። ጥምዘዛ ከገጹ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል።

ሌላ ስሌት እንጨምር። ማለቂያ የሌለውን አካል ትተን፣ ከዚያው ቁስ የተሠራና የሰሌዳውን ያህል ራዲየስ ያለው ክብ ዘንግ ታችኛው ጫፉ ተይዞ ብንጠመዝዝ፣ ያንኑ ተቃውሞ እንዲሰጠን ዘንጉ ስንት መርዘም አለበት? የራዲየሱን 0.29 ያህል ብቻ። 1 ሜትር ራዲየስ ያለው ሰሌዳ ከሥሩ ያለው ዓለም ሁሉ የሚሰጠውን ተቃውሞ 29 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይሰጠዋል ማለት ነው። ይህ ንጽጽር ግምት አይደለም፤ ከሁለቱ ቀመሮች በቀጥታ የሚወጣ ነው።

በመሠረት ምህንድስና የሚሠራባቸው ግምታዊ ቀመሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ከክብ መሠረት በታች ሁለት ራዲየስ ያህል ጥልቀት ላይ ጠጣር አለት ቢኖር፣ መሠረቱ ወደ ታች ለመስመጥ ያለው ግትርነት አለቱ ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር 64 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለመጠምዘዝ ያለው ግትርነት የሚጨምረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አለቱ ለመስመጡ ትልቅ ዜና ሲሆን ለጥምዘዛው የሌለ ያህል ነው።

ግትርነቱ ሲለዋወጥ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ግትርነቱ ከጥልቀት ጋር ሲለዋወጥ የራይስነርና የሳጎቺን ጥያቄ ከፈቱት መካከል ፕሮትሴንኮ በ1967፣ ካሲር በ1970፣ ሰልቫዱራይ ከሲንግና ከቭርቢክ ጋር ደግሞ በ1986 ይገኙበታል። ከመረጧቸው መልኮች አንዱ ለአፈር በጣም ይቀርባል፦ የሺር ሞዱለሱ ከጥልቀቱ የሆነ ርቢ ጋር የሚያድግበት፤ የርቢውን ቁጥር አርቢ እንለዋለን። አርቢው ዜሮ ከሆነ አካሉ አንድ ወጥ ነው፤ አንድ ከሆነ ግትርነቱ ከዜሮ ተነስቶ ከጥልቀቱ እኩል በቀጥታ መስመር ያድጋል። ንጹሕ አሸዋ በመካከል ይቀመጣል። የአሸዋ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚጣበቁት በላያቸው ባለው ክብደት ሲሆን፣ ሞዱለሱ የሚያድገው ከዚያ ጫና ስኩዌር ሩት ጋር መሆኑ በቤተ ሙከራ በተደጋጋሚ ታይቷል። ጫናው ከጥልቀቱ ጋር ስለሚያድግ አርቢው ግማሽ ገደማ ይሆናል።

ለዚህ ለግማሽ አርቢ መልሱን አሠርቶ ማየት ይቻላል፤ ውጤቱ ቆም አድርጎ የሚያሳስብ ነው። ይህ እየጠነከረ የሚሄደው አካል ለሰሌዳው የሚሰጠው ተቃውሞ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ሞዱለሱ ከራዲየሱ 7 በመቶ ጥልቀት ላይ ያለውን ያህል ከሆነ አካል ተቃውሞ ጋር እኩል ነው። 1 ሜትር ራዲየስ ላለው ሰሌዳ ይህ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ያለው አይቆጠርም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቁጥር የግድ መሙላት ካለብን የሚሞላው ከ7 ሳንቲ ሜትር ላይ የተወሰደው ነው። "ከአንድ ራዲየስ ጥልቀት ላይ እንውሰድ" ብሎ የሚሠራ ሰው የጥምዘዛ ግትርነቱን 3.7 እጥፍ አጋንኖ ያስባል። ከግማሽ ራዲየስ ላይ የወሰደም ከ2.6 እጥፍ አያመልጥም።

አርቢው አንድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ የሚደንቅ ነገር ይገጥመናል፦ ሰሌዳው ያለ አንዳች ተቃውሞ ይዞራል። ወደ ታች እስከፈለገው ድረስ ቢጠነክርም፣ ከሥሩ ከብረት የጠጠረ ንብርብር ቢኖርም፣ ተቃውሞው ዜሮ ነው። ምክንያቱን ያለ ከባድ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ገጹ ላይ ያረፈው የሺር ጫና ወደ ታች ሲተላለፍ እያንዳንዱ ቀጭን ንብርብር የሚንሸራተተው ጫናውን ለራሱ ግትርነት አካፍሎ ነው። ግትርነቱ ከጥልቀቱ ጋር እኩል ከሆነ መንሸራተቱ አንድ ለጥልቀቱ ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል ነው፤ ወደ ገጹ እየተጠጋን እነዚህን መንሸራተቶች ብንደምር ድምሩ ማለቂያ የለውም። ስኩዌር ሩት ሲሆን ግን ድምሩ ያልቃል፤ አሸዋ ጥምዘዛን የሚቋቋመው በዚህች ልዩነት ነው።

ይህን ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳየው ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። ያው ከዜሮ ተነስቶ በቀጥታ መስመር የሚያድግ ግትርነት ያለው፣ ነገር ግን ሊጨመቅ የማይችል አካል ላይ ሸክም ሲቀመጥ፣ ገጹ የሚሰምጠው ሸክሙ ባለበት ብቻ ሲሆን መስመጡም ከጫናው ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ ከሸክሙ ውጭ ያለው ገጽ አይነቃነቅም። መልሱ የተወሰነና ንጹሕ ነው። ያው አካል ለሸክም ደንበኛ መሠረት ሲሆን ለጥምዘዛ ባዶ ነው። አማካይ ግትርነት የአካሉ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

በእርግጥ ገጹ ላይ ፍጹም ዜሮ የሆነ አፈር የለም። በቅንጣቶች መካከል የቀረው እርጥበት ጥቂት ያጣብቃቸዋል፤ የመሠረቱ የራሱ ክብደትም ከሥሩ ያለውን አፈር ጨምቆ ያጠነክረዋል፤ አብዛኛው መሠረትም ከገጽ በታች ተቀብሮ በጎኑ ጭምር ይያዛል። እነዚህ ሁሉ ውጤቱን ያለዝቡታል። ነገር ግን ትምህርቱን አይሽሩትም፤ እንዲያውም የሚያስጨንቀው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። የጥምዘዛ ተቃውሞውን የሚወስነው ያ ስስ የላይኛው ሽፋን ኤክስካቫተር የሚያምሰው፣ ዝናብ የሚያረጥበው፣ የሠራተኛ እግር የሚረግጠው ሽፋን ነው። የምርመራ ጉድጓድ ሲቆፈር ናሙና የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በታች ነው። ለጥምዘዛ ወሳኝ የሆነውን ክፍል በጣም በጥቂቱ ነው የምናውቀው።

የ30 ሜትሩ አማካይ

ስሕተቱ በምን መልክ ሊገባ እንደሚችል ለማየት የብዙ አገሮችን የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ መመልከት ይበቃል። ደንቦቹ ቦታን የሚመድቡት የሺር ሞገድ (መሬቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚጓዝ ሞገድ) የላይኛውን 30 ሜትር አቋርጦ ለማለፍ በሚወስድበት ጊዜ በተሰላ አማካይ ፍጥነት ነው። ለተፈለገበት ዓላማ፣ ማለትም አንድ ቦታ የመሬት ነውጥን ምን ያህል እንደሚያጎላ በጥቅሉ ለመመደብ፣ ጥሩ መለኪያ ነው። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በአፈሩ እፍጋት ሲባዛ የሺር ሞዱለስ ስለሚሰጥ ግን፣ ያንኑ ቁጥር ወደ መሠረት ስሌት ማስገባት ይቀናል።

ከላይ ባየነው የአሸዋ መልክ እናስላው። መሠረቱ ገጹ ላይ ያረፈ፣ 5 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይሁን። ከ30 ሜትሩ አማካይ ፍጥነት የሚወጣው ሞዱለስ ጥምዘዛው በእርግጥ ከሚያገኘው 5 እጥፍ ይበልጣል። ራዲየሱ 10 ሜትር ቢሆን እንኳ 3.6 እጥፍ ይበልጣል። የሕንፃው ክብደት ይህን ልዩነት እንደሚያጠበው ከላይ ብያለሁ፤ ቢሆንም ስሕተቱ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጋድል ልብ ይባል። መሬቱ ከሆነው በላይ ግትር ተደርጎ ይታሰባል፤ ስለዚህ መዞሩ አንሶ፣ የጥምዘዛ ንዝረቱ ምልልስ አጥሮ ይሰላል። ክብደታቸው ወደ አንድ ወገን ያደላ ሕንፃዎች በነውጥ ጊዜ ክፉኛ የሚጎዱት በመጠምዘዝ መሆኑ ሲታወቅ፣ ይህ ወገን የተሳሳተ ወገን ነው።

ወደ መሬት ጠልቀው በሚተከሉ ምሰሶዎች (ፓይሎች) ላይ የሚቆም መሠረትም ከዚህ አያመልጥም። ራንዶልፍ በ1981፣ ከዚያም ጉዎና ራንዶልፍ በ1996 ግትርነቱ ከጥልቀት ጋር በሚለዋወጥ አፈር ውስጥ ፓይል ሲጠመዘዝ ምን እንደሚሆን አስልተዋል። ረጅምና ቀጭን ፓይል ከአናቱ ሲጠመዘዝ ቶርኩ በጎኑ ባለው አፈር እየተበላ ይሄድና ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው የፓይሉ ክፍል ስለ ጥምዘዛው አያውቅም። ፓይሉን ማስረዘም መስመጥን ሊቀንስ ይችላል፤ የአናቱን መዞር ግን አይለውጠውም። በባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች እየገዘፉ ሲሄዱ ነፋሱ ክንፎቹን በእኩል ስለማይመታና አናቱ ወደ ነፋሱ ስለሚዞር ማማው ላይ የሚያርፈው ቶርክም አብሮ ይገዝፋል። በአንድ ትልቅ ፓይል ላይ የቆመ ተርባይን ይህን ቶርክ የሚያስተላልፈው በፓይሉ ገጽና በአፈሩ መካከል ባለው ሺር ብቻ ነው።

ጠርዙና ሞገዱ

ግትርነቱ ወደ ታች መጨመሩ የሚለውጠው የተቃውሞውን መጠን ብቻ አይደለም። አንድ ወጥ በሆነ አካል ላይ ያለው የሺር ጫና ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ስንጠጋ በስሌቱ ወደ ማለቂያ የለሽነት ያሻቅባል፤ በተግባር ይህ ማለት ጠርዙ ቀድሞ ይንሸራተታል ወይም ይላላል ነው። በአሸዋው መልክ ግን ያ ሽቅብ ጉዞ ይለዝባል፦ ወደ ጠርዙ ስንጠጋ ጫናው የሚያድግበት አርቢ ከግማሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። ግትርነቱ ወደ ታች ሲቀንስ ተቃራኒው ይሆናል፤ ጠርዙ ይበልጥ ይጨነቃል። ሁለት ነገሮች ተገናኝተው የሚተሻሹበትን ገጽ የሚነድፉ መሐንዲሶች ገጹን ለስለስ፣ ውስጡን ጠጠር የማድረግን ጥቅም ከዚህ ሊያነቡ ይችላሉ።

ሞገዶችም አሉ። አንድ ወጥ በሆነ አካል ገጽ ላይ የጥምዘዛ ሞገድ ገጹን ይዞ ሊጓዝ አይችልም፤ ወደ ታች ይበተናል። ከላይ ለስላሳ ንብርብር ከታች ጠጣር ሲኖር ግን አግድም የሚያወዛውዝ የገጽ ሞገድ እንደሚኖር ላቭ በ1911 አሳየ፤ ግልጽ ንብርብር ሳይኖር ግትርነቱ ቀስ በቀስ ሲያድግም እንደሚኖር ማይስነር በ1921 ተከተለ። የጥምዘዛ ሞገድ በጊብሰን ዓይነት አካል ገጽ ላይ እንደሚጓዝ ያሳየው ቫርዱላኪስ ነው፤ ዓመቱ 1984 ነበር። ሞገዱን ገጹ ላይ አስሮ የሚያቆየው የጥልቀት ልዩነቱ ራሱ ነው። ረጃጅሞቹ ሞገዶች ጠልቀው ጠጣሩን ስለሚነኩ ይፈጥናሉ፤ አጫጭሮቹ ለስላሳው ገጽ ላይ ስለሚቀሩ ይዘገያሉ። የመሬት ውስጥ ግትርነትን ሳይቆፍሩ ከሞገድ ፍጥነት የሚያነቡት ባለሙያዎች የሚመረኮዙት በዚህ መለያየት ላይ ነው።

በሚሽከረከሩ ሻፍቶች ላይ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ጥልቀቱ ከውጭኛው ገጽ ወደ መሐል የሚለካ መሆኑ ብቻ ይለያል። አንድ ወጥ በሆነ ክብ ሻፍት ውስጥ የውጭኛው አሥረኛ የራዲየስ ክፍል ብቻውን ከቶርኩ 34 በመቶውን ይሸከማል፤ መሐል ያለው ግማሽ ራዲየስ 6 በመቶ ብቻ። ስለዚህ የውጭኛውን ሽፋን ማጠንከር ያዋጣል። እዚህ ግን ጥንካሬንና ግትርነትን አለማምታታት ያስፈልጋል፦ ገጹ በሙቀትና በካርቦን የጠነከረ ብረት ሳይላላ ወይም ሳይሰበር የሚችለው ጫና ይጨምራል እንጂ የሺር ሞዱለሱ ከ80 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ፈቀቅ አይልም።

ጥልቀቱን ከገጹ ማንበብ

ይህ ሁሉ ጥምዘዛን እንደ ችግር ብቻ እንድናየው ሊያደርግ አይገባም። ያው ከገጹ ያለመራቅ ጠባዩ ጥሩ መለኪያ ያደርገዋል፤ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚያይ የምንወስነው እኛ፣ በሰሌዳው ስፋት ነውና። ግትርነቱ ከጥልቀት ርቢ ጋር በሚያድግ አካል ላይ የሰሌዳው ተቃውሞ የሚያድገው ከራዲየሱ ርቢ ጋር ሲሆን አርቢውም 3 ሲደመር የአካሉ አርቢ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰሌዳዎች ይበቃሉ፤ የአንዱ ራዲየስ የሌላው እጥፍ ይሁን። የትልቁ ተቃውሞ ለትንሹ ሲካፈል 8 ከመጣ አካሉ በዚያ ጥልቀት አንድ ወጥ ነው። 11.3 ከመጣ አርቢው ግማሽ ነው፤ የአሸዋው መልክ። ከ8 ካነሰ ከላይ ቅርፊት አለ፤ ትንሹ ሰሌዳ ቅርፊቱን ብቻ ሲያይ ትልቁ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ መንካት ጀምሯል።

ሦስተኛ ሰሌዳ ቢጨመር ደግሞ የመረጥነው የርቢ መልክ ራሱ እውነት መሆኑ ይፈተናል፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያገኘነው አርቢ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ካልደገመ፣ መልኩ ሌላ ነው። ለምሳሌ ግትርነቱ በየእኩል ጥልቀቱ በእኩል እጥፍ የሚያድግ አካል ከሆነ፣ በቂ ስፋት ያላቸው ሰሌዳዎች ተቃውሞ ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ማደግ ይጀምራል፤ አካሉ አጭር ዘንግ እንደሆነ ያህል ነው የሚቋቋመው። የዘንጉ ርዝመትም ግትርነቱ 2.72 እጥፍ ለመሆን የሚወስድበት ጥልቀት ነው። ከባዱን ሒሳብ ሳያውቁ እንኳ ከሦስት ልኬቶች ይህን ያህል ማንበብ መቻሉ ለእኔ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ጸጋ ነው።

ልኬቱ የሚጠይቃቸው ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። ሰሌዳው ከገጹ ጋር በእውነት መጣበቅ አለበት፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተንሸራተተ ተቃውሞው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ይህም በትንሹና በትልቁ ሰሌዳ ላይ እኩል ስለማይሆን ንጽጽሩን ያዛባል። ማዕዘኑም እጅግ ትንሽ መሆን ይገባዋል፤ አፈር ከጥቂት መንሸራተት በኋላ ግትርነቱ መቀነስ ይጀምራልና። ሰሌዳዎቹን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት እርጥበት፣ በየራሳቸው ባልተነካ ቦታ ላይ መትከልም ያስፈልጋል። ሰሌዳው ወደ ታች የሚጫንበት ክብደት በየስፋቱ እኩል ጫና እንዲሰጥ ሆኖ መመረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የምንለካው አፈሩ በተፈጥሮ ያለውን መልክ ሳይሆን በክብደታችን የፈጠርነውን ነው። የሪፖርቱ አጻጻፍም መለወጥ ይኖርበታል፦ "የሺር ሞዱለሱ ይህን ያህል ነው" ከማለት፣ በየትኛው ጥልቀት፣ በምን ዓይነት ጭነት፣ በስንት ራዲየስ ሰሌዳ እንደተለካ ጎን ለጎን ቢሰፍር፣ ቁጥሩን የሚቀበለው መሐንዲስ ለጥምዘዛ ይሁን ለሸክም እንደሚሆነው ራሱ መወሰን ይችላል።